«ስኳርም ፕሬዠርም ይለካል» የተባለው ሰዓትና የዱባይዋ እህት ስጦታ

የዛሬው ደብዳቤ ከሱሉልታ ነው የመጣው፣ ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። 42 ዓመቴ ነው፣ ቤቴ ሱሉልታ ሥራዬ አራት ኪሎ ነው፣ በየቀኑ እመላለሳለሁ። በቅርቡ ቼካፕ ሳደርግ ዶክተሩ ግፊትሽ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ለጊዜው መድኃኒት አልሰጥሽም ግን ተንቀሳቀሺ አለኝ። ይሄን የሰማችው ዱባይ ያለችው እህቴ ለፋሲካ ስመጣ አፕል ዋች ይዤልሽ እመጣለሁ አለች። ስልኬ ሳምሰንግ ነው። የ17 ዓመቱ ልጄ ደግሞ ሩጫ ጀምሯል፣ “እማ አፕሉን ተይው፣ ለኔ ጋርሚን ታምጣልኝ” እያለ ይነተርከኛል። ሰፈራችን ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ልጅ ደግሞ ሰባት ማሰሪያ ያለው ሰዓት አሳይቶኝ ፕሬዠርም ስኳርም ኦክስጅንም ይለካል አለኝ፣ ዋጋው በጣም ርካሽ ነው። አብራኝ የምትኖረው እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ጣቷን መብሳት ስለሰለቻት ለሷ ልገዛው እየዳዳኝ ነው። ባለቤቴ ሁሉንም “ብር ማቃጠል ነው” ብሎ ዘግቶታል። ማንን ልስማ? ግራ የገባኝ ከሱሉልታ።»

እህቴ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን፣ መጀመሪያ ግን የሰፈሩን ልጅ ሰዓት ለእናትሽ እንዳትገዢ። ልጁን እየሰደብኩት አይደለም፣ እሱም ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው የነገረሽ፣ ግን ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር የሚለካ ሰዓት ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ስንት ዓመት ለፍተውበት ገና ገበያ ላይ ያላወጡት ነገር ነው፣ እነሱ ያልደረሱበትን ባለሰባት ማሰሪያው ደረሰበት ማለት ዘበት ነው። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2024 ራሱ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ ቆዳ ሳልበሳ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓትም ሆነ ቀለበት አንድም አልፈቀድኩም፣ እንዳትጠቀሙ ብሎ። ታዲያ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ከየት መጣ ካልሽ፣ የጤነኛ ሰው የሚመስል ቁጥር ደርድሮ ማሳየት ለፕሮግራም ሠሪ ምን ይከብደዋል?

እናትሽ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰው ናቸው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሰዓቱ 240 ነው ብሎ ቢዋሻቸውና ጨምረው ቢወጉ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፣ 110 ነው ብሎ ቢያረጋጋቸው ደግሞ ስኳሩ ወደ ላይ እየወጣ እሳቸው ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ። በነገራችን ላይ ውጭ አገር ሰው ሰዓቱ ላይ ስኳሩን ሲያይ ቪዲዮ አይተሽ ይሆናል፣ እሱ ውሸት አይደለም፣ ግን የሚለካው ሰዓቱ ሳይሆን ክንድ ወይ ሆድ ላይ የሚለጠፍና ቀጭን ሽቦ ከቆዳ ሥር የሚያስገባ ሌላ መሣሪያ ነው፣ ሰዓቱ ቁጥሩን ተቀብሎ ማሳየት ብቻ ነው ሥራው። ለጊዜው ግን የእናትሽን ጣት እናስብለት፣ የጣታቸውን መሃል ሳይሆን ጎን ጎኑን ይውጉ፣ ጎኑ ላይ ሕመሙ ይቀንሳል፣ በየቀኑ ደግሞ ጣት ይቀያይሩ፣ መርፌዋንም ደጋግመው አይጠቀሙባት ምክንያቱም ስትደንዝ ነው የበለጠ የምታመው። ምናልባት ከስንት ብር ሰዓት በላይ ይቺ ትጠቅማቸዋለች።

ግፊቱም ከሞላ ጎደል እንደዛው ነው፣ ትንሽ ለየት ቢልም። ከእጅ አንጓ ላይ በብርሃን ብቻ ግፊት የሚገምቱ እውነተኛ ብራንዶች አሉ፣ ለምሳሌ የሳምሰንግ ሰዓቶች በተፈቀደባቸው አገሮች ይሠሩታል፣ ግን እነሱም ቢሆኑ በየ28 ቀኑ በእውነተኛው የክንድ መለኪያ እያስተካከላችሁኝ ይላሉ፣ ያለዚያ መሥራት ያቆማሉ። ሁዋዌ ዋች ዲ የሚባለው ደግሞ ማሰሪያው ውስጥ በአየር የሚነፋ ነገር ስላለው ከሌሎቹ ይሻላል፣ ግን ውድ ነው። እንግዲህ ሳምሰንግ ያለ ክንድ መለኪያ አልሠራም እያለ ያ የሰፈር ሰዓት በሠላሳ ሰከንድ 120 በ80 ካለሽ ምን ብለሽ ታምኚዋለሽ?

ለሁለታችሁም ማለትም ላንቺም ለእናትሽም የሚያስፈልገው አንድ የክንድ ፕሬዠር መለኪያ ነው፣ ከክርን በላይ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው፣ ፋርማሲም የሕክምና ዕቃ መሸጫም አለ። ስትገዢ የእናትሽን ክንድ ለክተሽ ሂጂ፣ ጨርቁ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። አለካኩን ደግሞ አደራ፣ ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ማለፍ አለበት (አውቃለሁ፣ አቦል ቶና በረካ ባለበት ቤት ግማሽ ሰዓት ማግኘት ከባድ ነው)፣ አምስት ደቂቃ ጀርባን ደገፍ ብሎ ዝም ማለት፣ እግር ሳይጠላለፍ መሬት ላይ፣ ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ፣ እየለኩ ማውራት የለም። አንድ ደቂቃ ቆይቶ ድጋሚ፣ ከዛ ሁለቱንም ደብተር ላይ። ዶክተሩ ካንቺ የሚፈልገው ያንን ደብተር ነው፣ የሰዓት ስክሪንሾት አይደለም።

አሁን ወደ ዱባይዋ እንምጣ። እግዜር ይስጣት፣ ግን ሳትገዛ ዛሬውኑ ደውዪላት፣ አፕል ዋች ያለ አይፎን አይሠራም። ሳምሰንግ ስልክ ላይ ጭራሽ አይገናኝም፣ አይከፈትምም፣ እጅሽ ላይ የሚያምር ጥቁር መስታወት ይሆናል። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ዕቃው አገር ቤት ከገባ በኋላ ነው፣ ከዛ ቴሌግራም ላይ «አዲስ፣ ያልተከፈተ፣ በአስቸኳይ» ተብሎ ይለጠፋል። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፣ ከጋላክሲ ዋች 4 ጀምሮ ያሉት የሳምሰንግ ሰዓቶች ደግሞ ከአይፎን ጋር አይገናኙም። የሻዎሚ፣ የሁዋዌ፣ የአማዝፊትና የጋርሚን አብዛኞቹ ሰዓቶች ግን ከሁለቱም ጋር ይስማማሉ።

አይፎን ቢኖርሽስ? እኔ ቢሆን አሁንም አልመክርሽም ነበር፣ አፕል ዋች መጥፎ ሆኖ ሳይሆን አፕል ራሱ የ2024ቱ ሲሪስ 10 ቻርጁ 18 ሰዓት ይቆያል ስለሚል። ሱሉልታ ደግሞ መብራት ማታ ሄዶ በማግስቱ ከሰዓት የሚመጣበት ቀን እንዳለ አንቺ ነሽ የምታውቂው። በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ነገር ሁለት ቀን ከሞተ ሦስተኛው ቀን ላይ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገኘው። ትናንሾቹ ባንዶች (እንደ አምባር እጅ ላይ የሚታሰሩት ቀጫጭኖቹ)፣ ሻዎሚ ስማርት ባንድ፣ ሁዋዌ ባንድ ምናምን፣ ካምፓኒዎቹ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ይቆያሉ ነው የሚሉት፣ ሁሉንም ነገር አብርተሽ ከተጠቀምሽበት ግማሹን ቁጠሪ፣ እሱም ቢሆን አንድ ሳምንት ነው። ቻርጀራቸው ግን የየራሳቸው ስለሆነ እህትሽ አንድ ትርፍ ቻርጀር አብራ ትያዝ፣ እዚህ የዛችኑ ሞዴል ቻርጀር ፍለጋ መገናኛና መርካቶ መንከራተት አለ።

ስለዚህ ላንቺ ባንድ። ዶክተሩ ተንቀሳቀሺ ነው ያለሽ፣ ያንን ለመከታተል እርምጃሽን፣ የልብ ምትሽንና ስንት ደቂቃ ፈጠን ብለሽ እንደሄድሽ የሚነግርሽ ነገር ይበቃሻል። ዋጋውም ከትልልቆቹ ጋር አይወዳደርም፣ ውጭ አገር 40 ዶላር አካባቢ ነው። እዚህ ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሆነ የዕቃው ዋጋ በየሱቁ ይለያያል፣ እህትሽ ከዛ ብታመጣው ይሻላል። እዚሁ የምትገዢ ከሆነ ግን ሱቁ ውስጥ ሳትከፍዪ እነዚህን አድርጊ። ሻጩ ከስልክሽ ጋር ያገናኝልሽ፣ ከዛ የልጅሽን ቁጥር ደውለሽ በአማርኛ «እማ የት ነሽ» ብሎ ቴክስት ያድርግልሽ። አንዳንዱ ባንድ ላይ ፊደላችን የለም፣ መልእክቱ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ኖቲፊኬሽን ያሳያል ማለት ላንቺ ትርጉም የለውም። ቀጥሎ የሱቁን ፎቅ ደረጃ ወጥተሽ ውረጂ፣ አንገትሽ ላይ ሁለት ጣት አድርገሽ 30 ሰከንድ ምትሽን ቁጠሪ፣ በሁለት አባዢው፣ ሰዓቱ ካሳየሽ ጋር አስተያዪው። በአምስት ስድስት ቢለያይ ችግር የለም፣ አንቺ 118 ቆጥረሽ እሱ 76 እያለ ከተገተረ ግን አመስግነሽ ውጪ። ስትሞክሪው ታዲያ ጠበቅ አድርገሽ፣ ከአንጓው አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገሽ እሰሪው፣ ከሥሩ ያለችው አረንጓዴ መብራት ናት ደሙ ሲመላለስ እያየች የምትቆጥረው፣ ማሰሪያው ከላላ ብርሃን ይገባባትና ትቀባጥራለች።

ሌላው አፑ ነው። ስም የሌላቸው ርካሽ ሰዓቶች ካርቶኑ ላይ ያለውን ኪው አር ስካን አድርጉ ብለው አንድ አፕ ያስጭኑሻል፣ እሱ ደግሞ ኮንታክትሽን፣ ሜሴጅሽን፣ ሎኬሽንሽን፣ ሁሉንም ፍቀጂ ይላል። እርምጃ ለመቁጠር የስልክ ማውጫዬ ምን ያደርግለታል ብለሽ ጠይቂ። ቴሌብርና የባንክ ሜሴጅ የሚገባበት ስልክ ላይ እንዲህ ዓይነት አፕ መጫን እኔን አይመቸኝም።

ሰዓት አቆጣጠሩ ላይም ትንሽ ነገር ልንገርሽ፣ ስልካቸውን በኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ ብለው ስድስት ሰዓት ወደኋላ የሚመልሱ ሰዎች አሉ። ባንዱ ሰዓቱን ከስልኩ ነው የሚወስደው፣ ሌሊት የተኛሽውን ከሰዓት በኋላ የተኛሽው ይመስለዋል፣ የእንቅልፍ ሪፖርቱ ይደበላለቃል። ስልኩን እንዳለ ተይውና በጭንቅላትሽ ቀይሪ።

ባንዱ ከሚያሳይሽ ቁጥር ውስጥ የቱን ትስሚ? የልብ ምቱን በተለይ ቁጭ ስትዪና ስትራመጂ ስሚው። እርምጃውን በግምት፣ ምክንያቱም እጅሽ ሲንቀሳቀስ ነው የሚቆጥረው፣ ልብስ በእጅሽ ስታጥቢ ይቆጥራል፣ ሰርግ ላይ እስክስታ ስትመቺ ይቆጥራል፣ ሁለት ፌስታል አንጠልጥለሽ ከታክሲ ወርደሽ እስከ ቤት ስትሄጂ ግን ሊዘለው ይችላል። ካሎሪውን እርሺው። በፈረንጆቹ 2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መለኪያዎችን 60 ሰው ላይ ፈትሸው ነበር፣ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ በታች በሆነ ስህተት ለኩ፣ ካሎሪ ላይ ግን በጣም ጥሩው ራሱ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፣ መጥፎው 93 በመቶ። ሰዓቶቹ ከዛ ወዲህ ተሻሽለዋል፣ እኔ ግን አሁንም ካሎሪውን አላምነውም፣ 500 አቃጥለሻል ስላለሽ ፆም ሲፈታ ክትፎው ላይ እንዳትበረቺ ነው የምልሽ።

«10,000 እርምጃ» የሚባለውም ከሐኪም የመጣ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1965 አንድ የጃፓን ካምፓኒ እርምጃ መቁጠሪያ ሲሸጥ የተጠቀመበት ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብ ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው። አንቺ ደግሞ ከአራት ኪሎ ወጥተሽ፣ አዲሱ ገበያ ተሰልፈሽ፣ ዳገቱን በታክሲ ወጥተሽ ቤት ስትገቢ መሽቷል፣ ንጋት ላይ ልውጣ ብትዪ ብርዱም ውሻውም ጅቡም አለ። ታዲያ ጠዋት ሥራ ስትሄጂ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ ደርሰሽ ተመለሺ፣ ያ ዳገት ነው፣ ሲመለስ ቁልቁለት ነው፣ እየተነፈስሽ ማውራት ትችያለሽ መዝፈን ግን አትችዪም፣ ልኩ እሱ ነው። ባንዱ ደቂቃውን ይቆጥርልሽ፣ ሌላ ሥራ አትስጪው።

ኦክስጅን የሚለውን ግን ትንሽ ላስረዳሽ ምክንያቱም እሱ ነው ሌሊት የሚያስደነግጥሽ። ኢንተርኔት ላይ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ95 በመቶ በታች ከሆነ አደጋ ነው ይላሉ፣ ያ ግን ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው የተጻፈው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል እዛ ከፍታ ላይ ከ95 በታች ማየት ብርቅ አይደለም፣ በዛ ላይ እጅ ሲቀዘቅዝ፣ ተኝተሽ ክንድሽን ስትጫኚው ሰዓቱ ዝቅ ያለ ነገር ያሳያል። ሆስፒታል ያለው የጣት መለኪያ ራሱ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ኤፍዲኤ በ2021 አሳስቧል፣ እንኳን የእጅ ሰዓት። ደረትሽን ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ ቁጥሩን ሳታዪ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ሰዓቱ 98 ቢልም ሂጂ።

ወደ ልጁ ልምጣ። እዚህ ጋ ምናልባት ባልጠበቅሽው መንገድ ከሱ ጋር እቆማለሁ። የሩጫ ሰዓት ለሯጭ ቅንጦት አይደለም፣ ሱሉልታ ሜዳው ላይ ንጋት ላይ የሚሮጡትን አትሌቶች እጅ ተመልከቺ፣ አብዛኛው እጅ ላይ ጂፒኤስ ያለው፣ ማለትም የተሮጠውን ርቀት በሳተላይት የሚለካ ሰዓት አለ። እሱ የሚፈልገው ኪሎ ሜትሩን በስንት ደቂቃ እንደሮጠ ነው፣ ያንን ርካሹ ባንድ ብቻውን አይነግረውም ምክንያቱም ብዙዎቹ የራሳቸው ጂፒኤስ የላቸውም፣ የስልኩን ነው የሚዋሱት፣ ስለዚህ ስልክ ይዞ መሮጥ ሊኖርበት ነው። ገና ሳይነጋ በዛ መንገድ ልጅሽ ውድ ስልክ ይዞ እንዲሮጥ ትፈልጊያለሽ? እኔ አልፈልግም።

ግን «ጋርሚን» ሲልሽ የትኛውን ብለሽ ያዢው፣ ያ ስም ከትንሽ እስከ ጣሪያ የሚደርስ ዋጋ አለው፣ ካርታ ያለው፣ በፀሐይ ቻርጅ የሚያደርግ ምናምን ለሱ አያስፈልገውም። ፎርረነር 55 የሚባለው በ2021 ሲወጣ 200 ዶላር አካባቢ ነበር፣ ጂፒኤስ በርቶ እስከ 20 ሰዓት፣ እንዲሁ ሲታሰር እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል ነው የሚሉት፣ ስክሪኑ በጣት ሲነካ አይሠራም፣ በቁልፍ ነው የሚሠራው፣ በጓንትም በዝናብም በላብም ይጫናል፣ ለሱሉልታ ክረምት ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለታላቁ ሩጫ አንድ ወር ተለማምዶ ለሚተወው ልጅ ብዙ ነው፣ በሳምንት አራት አምስት ቀን አሠልጣኝ ጋ ለሚሄድ ግን ይገባዋል። እሱ ከሁለቱ የቱ እንደሆነ እናት ናት የምታውቀው። እርግጠኛ ካልሆንሽ ጂፒኤስ ያለው የአማዝፊት ቢፕ ወይ የሻዎሚ ባንድ ፕሮ ዓይነት ይግዛ፣ ዓመት ከሮጠበት በኋላ ጋርሚኑን ያንሱት።

ልጁ ካገኘው አንድ ነገር ንገሪው፣ በብርድ ጠዋት ሩጫ ሲጀምር እጁ ላይ የሚያየው የልብ ምት 175፣ 180 ሆኖ ድርቅ ካለ ልቡ አይደለም፣ ሰዓቱ እርምጃውን ከልብ ምት ጋር አምታቶት ነው፣ ሯጭ በደቂቃ የሚረግጠው እርምጃም እዛው አካባቢ ስለሆነ። መጀመሪያ ይሙቅ፣ ማሰሪያውን ያጥብቅ። ፈጣን ፈጣን ሩጫ እያፈራረቀ ሲሠራ ደግሞ የእጅ ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚደርስበት፣ አሠልጣኙ በልብ ምት የሚያሠራው ከሆነ ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ነው ትክክለኛው። ሜዳ ላይ ቆሞም ጂፒኤሱ እስኪይዝ ትንሽ ይጠብቅ፣ ሳይይዝ ከተነሳ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ውሸት ነው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ሂሳቡን አስይውና እሱ ይወስን። የ2024ቱ አፕል ዋች ሲሪስ 10 ሲወጣ መነሻው 399 ዶላር ነበር። በዛ ብር ላንቺ ባንድ፣ ለልጁ ፎርረነር 55፣ ለእናትሽ የክንድ ፕሬዠር መለኪያ ተገዝቶ ትንሽ ነገር ይተርፋል፣ በተረፈው የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ጨምሩበት፣ ሁሌ የሚያልቀው እሱ ነው። እህትሽ ስትደውዪላት ካርቶኑን ሳትጥል ደረሰኙንም ይዛ ትምጣ በያት፣ ከተበላሸ የምትመልሰው እዛው የገዛችበት ሱቅ ነውና። መጀመሪያ እዛው ትክፈተውና ከራሷ ስልክ ጋር አገናኝታ ሁለት ሦስት ቀን ትሰረው፣ ከዛ ከአካውንቷ አላቃ ሪሴት አድርጋ ታሽገው፣ እንዲሁ ከመጣ በሷ አካውንት ተቆልፎ ነው የሚያስቸግርሽ።